የፒክአፕ ዳሽቦርድ ላይ ስቱኮ ለምን አይዝም?

ጥያቄ፦ ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው የምሠራው። በፈረንጅ የ1993 ሞዴል ሲንግል ካብ ሃይሉክስ አለኝ። ዳሽቦርዱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ረጅሙ ስንጥቅ አንድ ስንዝር ይሆናል። አንድ ጋራዥ በስቱኮ ሞልቶ ጥቁር ቀለም ረጨልኝ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው በዚያው መስመር ተሰነጠቀ፣ ቀለሙም እየተላጠ ነው። የበሮቹ የውስጥ ልባስ ከታች አብጧል፣ የጣሪያው ጨርቅ ጭንቅላቴን እየነካኝ ነው። ሌላ ዳሽቦርድ ልግዛ ወይስ ይታደሳል? ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ይታደሳል። ሌላ መግዛት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስቱኮው ለምን እንዳልያዘ እንይ፤ ይህ ካልገባ ሁለተኛውም ጥገና እንደ መጀመሪያው ይሆናል።

ላዩ ለስላሳ የሆነ ዳሽቦርድ ሦስት ንብርብር አለው። ከሥር ደረቅ ፕላስቲክ ወይም ላሜራ፣ መሐል ላይ የፖሊዩሬታን ስፖንጅ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን የቪኒል ቆዳ። ቪኒሉ የሚለሰልሰው ሲመረት በሚቀላቀልበት ፕላስቲሳይዘር በሚባል ዘይት መሰል ነገር ነው። ይህ ነገር በሙቀት ቀስ እያለ ይተናል፤ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ቅባት መሰል ጭጋግ የሚይዘው በከፊል በእሱ ነው። ፕላስቲሳይዘሩ ሲያልቅ ቆዳው ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ዳር ዳሩ ግን የተያዘ ስለሆነ የሚሸሽበት የለውም፤ በሳሳበት በኩል ይቀደዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የወረደ ዳሽቦርድ ቀትር ላይ ከመስታወት ሥር ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል። ስንጥቁ በየቀኑ ጠዋት ይከፈታል፣ ቀን ይጠባል። የላሜራ ስቱኮ ደግሞ ፖሊስተር ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል እንጂ አይለጠጥም። ለስላሳ ነገር ላይ ድንጋይ ሲለጠፍ የሚላቀቀው በጠርዙ በኩል ነው። የእርስዎም በዚያው መስመር የተመለሰው ለዚህ ነው።

የቀለሙ መላጥ ምክንያት ሌላ ነው። መኪናው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላቫጆ በገባ ቁጥር ዳሽቦርዱ የሚያብለጨልጭ ፖሊሽ ተቀብቷል፤ አብዛኛው ፖሊሽ ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን ባለበት ላይ ቀለም አይዝም፤ ወይ ሲረጭ ዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣል፣ ወይ ከወራት በኋላ በጥፍር ይነሳል። በቲነር መወልወል ደግሞ አያጠፋውም፤ ያሰራጨዋል፣ ቪኒሉንም ያደርቀዋል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል እጥበት ነው። ቀለሙና ልባሱ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

አሁን ከየት ይጀመር ላሉት፦ ከውሃው። በሩ ያበጠውና ጣሪያው የወረደው ውሃና እርጥበት ስለገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ያ ሳይዘጋ የሚሠራ የውስጥ ሥራ ሁሉ ለክረምቱ ቀለብ ነው። አንድ ሰው ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፤ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ያጠጣ፦ መጀመሪያ በሮቹን፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱን ታች፣ ከዚያ ጎኑን፣ በመጨረሻ ጣሪያውን። በየቦታው ሦስት አራት ደቂቃ ይቆይ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ያረጥብና ቀዳዳው የት እንደሆነ አይለይም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የፊት መስታወት ዙሪያ ጎማ ነው፤ ከሥሩ ያለው ላሜራ ዝጎ ከሆነ ባትላሜራው ይሥራውና ጎማው ይቀየር፤ በላዩ ሲሊኮን መጭመቅ ዝገቱን ሸፍኖ ያሳድገዋል። ምንጣፉንም ያንሡት። ከሥሩ ያለው ፌልት (የተጠቀጠቀ ወፍራም ጨርቅ) ከረጠበ ይጣል፤ ደርቆ አይመለስም። ወለሉ በሽቦ ብሩሽ ይፋቅ፣ ሁለት እጅ ፀረ ዝገት ይቀባ።

ወደ ዳሽቦርዱ እንመለስ። ሳይወጣ መሥራት አይቻልም ባይባልም፣ መስታወቱ ሥር ያለው ጠርዝ ላይ እጅ ስለማይደርስ ሥራው ግማሽ ይሆናል። የባትሪውን ኔጋቲቭ በቁጥር 10 ቁልፍ ይፍቱ። (የእርስዎ ሞዴል ኤርባግ የለውም። ኤርባግ ያለው ቶዮታ ያላችሁ ግን ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳትጠብቁ ምንም አትንኩ፤ የኤርባጉን ክዳንም በምንም ልባስ አትሸፍኑ።) ከመሪው ሥር ያለው ሽፋን፣ የጌጁ (የፍጥነትና የነዳጅ ማሳያው) ዙሪያ ፍሬም፣ ቴፑ፣ በተሳፋሪው በኩል ያለው መሳቢያ በቅደም ተከተል ይውጡ። ጌጁን ወደ ራስዎ አይጎትቱ፤ ከጀርባው የኪሎ ሜትር ገመድ አለ፤ እጅ አስገብተው የፕላስቲክ መቆለፊያውን ተጭነው ነው የሚነቀለው። የአየር መቆጣጠሪያዎቹን ቀጫጭን ገመዶች ከመፍታትዎ በፊት ክሊፑ ገመዱን የያዘበትን ነጥብ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ በሁለት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ሙቀቱ አይዘጋም። የጃፓን ብሎን ጭንቅላት መስቀል ቢመስልም ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ብዙዎቹ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። ጄአይኤስ የሚባለው ካቻቢቴ ከተገኘ እሱን ይጠቀሙ፣ ካልሆነ በኃይል እየተጫኑ ይፍቱ። እያንዳንዱ ክፍል ብሎኑ በየራሱ ላስቲክ ከረጢት ይግባ፣ ስሙ ይጻፍበት፤ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ያንሱ።

ዳሽቦርዱ በወጣ ቀን ከኋላው ያለውን ይዩ፦ የሂተር ጎማ ቱቦዎች ለስልሰው ከሆነ ይቀየሩ፣ የነፋስ ሞተሩ ቅጠልና አቧራው ይጠረግ፣ በቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ ሁሉ ተፈትቶ በሥርዓት ይያያዝ። ይህ ዕድል በዓመታት አንዴ ነው የሚገኘው።

እጥበቱ እንዲህ ይሁን። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ከዚያ የቀለም መደብሮች የሚሸጡትን ሰምና ሲሊኮን ማስወገጃ በአንድ ንጹሕ ጨርቅ ቀብተው፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ያንሱት፤ ጨርቁን በየጊዜው ይገልብጡ፣ ያው ጨርቅ ቅባቱን መልሶ ይቀባል። ሦስት ዙር ያህል ይወስዳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ውሃ እፍ ያድርጉበት። ውሃው እንደ ጤዛ እየተንጠባጠበ ከቆመ ሲሊኮኑ አለ፤ እንደ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ጸድቷል። የቀድሞው ስቱኮና ቀለም በሙሉ ይነሳ። ቀለም ማንሻ ኬሚካል ግን አይጠቀሙ፤ ቪኒሉን ይበላዋል። ስቱኮው ጠርዙን በቢላ ሲነካኩት ራሱ ይፈነቀላል፣ የቀረው በቁጥር 120 የብርጭቆ ወረቀት።

አሁን ስንጥቁን ቀርበው ይዩት። ሁለቱ ከንፈሮቹ ወደ ላይ ተቆልምመው ይቆማሉ፤ ጣት ሲያስሮጡበት ይቆርጣል። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። በዚያ ላይ የሚሞላ ነገር ሁሉ ዱቄት ላይ እንደ መለጠፍ ነው። ስለዚህ፦ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አንዳንድ ቀዳዳ ይብሱ፤ ቀዳዳው ስንጥቁ እንዳይረዝም ያቆመዋል። የተቆለመመውን ከንፈር በስለታም ቢላ በሁለቱም በኩል ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቆርጠው ያውጡ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሸርተት ያለ ያድርጉት። የሚፈረፈረውን ስፖንጅ ጤነኛው እስኪገኝ ጠርገው ጉድጓዱን በቆርቆሮ በሚሸጠው የግንበኛ ፎም ይሙሉ፤ የሚያብጠው በእርጥበት ስለሆነ ውስጡን ቀድመው በውሃ ትንሽ ያርጥቡት፤ ከግማሽ በላይ አይሙሉ። በማግስቱ ከቆዳው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ እስኪል ይቁረጡት። በላዩ የሚሞላው የባምፐር ፕላስቲክ መጠገኛ የሆነው፣ የሚለጠጠው ሁለት ክፍል ያለው ማጣበቂያ ነው እንጂ የላሜራ ስቱኮ አይሁን። ቀለም መደብር ሲጠይቁ “ለባምፐር የሚሆን፣ የሚተጣጠፍ” ብለው ይጠይቁ፤ ሻጩ ካመነታ ትንሽ ለቅልቆ ላስቲክ ላይ ያድርቅና ያጥፈው፤ ከተሰበረ አይሆንም። በሁለት ስስ ንብርብር ይሞላ፣ በ180 ከዚያ በ320 ይስተካከል። ስንጥቆቹ ሰፊ ከሆኑ ከመጨረሻው ንብርብር በፊት ስስ የፋይበር መረብ ጨርቅ በውስጡ ይቅበሩ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፦ ቀለም ወይም ልባስ። ለእርስዎ መኪና የላይኛውን ለስላሳ ክፍል ታፒሴሪ ቤት (የመኪና የውስጥ ልባስ የሚሠራበት) በቪኒል ማስለበሱን እመርጣለሁ። ምክንያቱም የዳሽቦርዱ ቆዳ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሸካራነት አለው፤ የተሞላው ቦታ ልሙጥ ስለሚሆን ቀለም ሲቀባ ጠባሳው ከሩቅ ይታያል። ስንጥቁ አንድና አጭር ቢሆን ኖሮ ቀለም ይበቃው ነበር።

ለልባሱ ከጀርባው ሹራብ የመሰለ የሚለጠጥ ጨርቅ ያለው፣ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቪኒል ይግዙ። 2 ሜትር ይበቃል። ከመቁረጥ በፊት በሁለቱም አቅጣጫ ስበው ይዩ፤ ይበልጥ የሚለጠጠው አቅጣጫ በጌጁ ቆብ ላይ የሚያልፈው ይሁን። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ፣ ፈዛዛ። የሚያብለጨልጭ ወይም ፈካ ያለ ልባስ በፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና ማለዳና ማታ መንገዱን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ደንበኛው ቢለምንም መሠራት የሌለበት ነገር ነው።

ብዙ ልባስ የሚላቀቀው በማስቲሹ ምክንያት ነው። የተለመደው ቢጫ ማስቲሽ ለጨርቅና ለእንጨት ጥሩ ነው፤ ቪኒል ሥር ሲሆን ግን ከቪኒሉ የሚወጣው ፕላስቲሳይዘር ያለሰልሰዋል፣ ሙቀቱ ሲጨመርበት እንደ ማስቲካ ይሳባል። የሚያስፈልገው የጫማ ሠሪዎች የፕላስቲክ ሶል የሚለጥፉበት የፖሊዩሬታን ማስቲሽ ነው፤ መርካቶ የጫማ ዕቃ የሚሸጡ ጋር ይጠይቁ። በዳሽቦርዱም በቪኒሉ ጀርባም ስስ አድርገው ይቀቡ፣ በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በሞቃት አየር መንፊያ እያሞቁ ከመሐል ወደ ዳር ይጫኑ። ሙቀቱ እጅ የሚያስነሳ ይሁን እንጂ ሸካራነቱን እስኪያጠፋው አይድረስ።

አስቸጋሪው የጌጁ ቆብ ከሜዳማው ክፍል ጋር የሚገናኝበት ጎድጓዳ መስመር ነው። ሠራተኛው በአንድ ቁራጭ ለመሸፈን ሲስበው ቪኒሉ እንደ ድልድይ በላዩ ይወጠርና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይነሳል። መጀመሪያ ጎድጓዳው ተለጥፎ ይያዝ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም ወገን ይሳብ፤ እምቢ ካለ እዚያው ላይ ስፌት ይሁን፣ ስፌት ነውር አይደለም። የአየር መውጫዎቹ በዚያው ቀን አይቆረጡ፤ 24 ሰዓት ይቆይና በመስቀል ተቀዶ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይለጠፍ። ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ልባሱ በየጠርዙ አንድ ሚሊ ሜትር ይጨምራል። የጌጁ ፍሬምና የመሳቢያው ክዳን በሚገጥሙበት ላይ የቪኒሉ ጀርባ በቢላ ይሳሳ፤ አለበለዚያ ፍሬሙ በኃይል ሲገባ ጆሮው (መያዣው) ይሰበራል።

ደረቅ ፕላስቲኮቹን በተመለከተ ከምንም በፊት ዓይነታቸውን ይለዩ። ከጀርባ ኤቢኤስ (ABS) ወይም ፒፒ (PP) የሚል የፕላስቲክ ዓይነት ምልክት ከሌለ፣ ጀርባውን በአሴቶን ጠብታ ይንኩ፦ ኤቢኤስ ይሟሟና ይጣበቃል፣ ፒፒ ምንም አይሆንም። ከጠርዙ የተላጠ ስባሪ ውሃ ላይ ቢጥሉ ኤቢኤስ ይሰምጣል፣ ንጹሕ ፒፒ ይንሳፈፋል (ዱቄት የተቀላቀለበት ፒፒ ግን ሊሰምጥ ይችላል፣ የአሴቶኑ ፈተና ይሻላል)። የኤቢኤስ የተሰበረ ጆሮ፣ የኤቢኤስ ስባሪ በአሴቶን እንደ ማር እስኪወፍር አሟሙተው ከቀጭን የሽቦ ወንፊት ጋር ይጠግኑት፤ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ፒፒን ሱፐር ግሉም አሴቶንም አይዘውም፤ በብየዳ ካውያ ከሌላ የፒፒ ቁራጭ ጋር እያቀለጡ ነው የሚያያዘው። ቀለም ሲቀባም ፒፒ ልዩ ፕራይመር ይፈልጋል፤ ያለ እሱ በሳምንት ይላጣል። በስስ ሦስት ዙር፣ በመሐል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጠበቁ ይረጩ። ቀለሙ ባለ ማድረቂያ ከሆነ የወረቀት ጭንብል አይከላከልም፤ ፊልተር ያለው ይደረግ። ክረምት ላይ ጠዋት አይረጭ፤ እርጥበቱ ቀለሙን ነጭ ያለብሰዋል።

ጌጁ ወጥቶ ሳለ፦ የፊቱ ግልጽ ፕላስቲክ አልኮልም ቲነርም አይንካው፣ ይሰነጣጠቃል። ጭረቱን ከቁጥር 1,500 የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ2,000፣ በ3,000 በውሃ ፈግፍገው በፖሊሽ ይጨርሱ። መርፌዎቹን በእጅ አይግፉ። አምፖሎቹን በኤልኢዲ ሲቀይሩ የባትሪ ምልክት ያለባትን በነባሩ አምፖል ይተዋት፤ በአንዳንድ ተሽከርካሪ አልተርኔተሩ ቻርጅ ማድረግ የሚጀምረው በዚያች አምፖል በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው።

በሮቹ። የመስታወት ማንሻ እጀታው ከጀርባው የፈረስ ጫማ በመሰለ ሽቦ ተይዟል። ቀጭን ጨርቅ በእጀታውና በልባሱ መካከል አስገብተው ሁለቱን ጫፎች ይዘው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ጨርቁ የሽቦውን ጫፍ ይዞ ያወጣዋል፤ ሽቦው ስለሚፈናጠር በሌላ እጅ ይሸፍኑት። ልባሱ ሲነሳ ከኋላው ላስቲክ መኖር ነበረበት። ብዙ ጊዜ የሚያብጠው ላስቲኩ ስለሌለ ነው፤ መስታወት የጠገነ ወይም ስፒከር የገጠመ ሰው ቀዶት ይሄዳል። ውሃ በሩ ውስጥ መግባቱ ችግር አይደለም፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ይክፈቱ። አዲስ ወፍራም ላስቲክ በማይደርቅ የቡቲል ማጣበቂያ ዙሪያውን ይለጥፉ፤ የታችኛው ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ ይታጠፍ፣ ውሃው ተንሸራቶ እዚያው እንዲመለስ። ያበጠውን ቦርድ አያድርቁት፤ እንደ ናሙና አስቀምጠው በ3 ሚሊ ሜትር ማዞኒት አዲስ ያስቆርጡ። ልባሱ ከመለጠፉ በፊት ሁለቱም ገጽ፣ በተለይ ጠርዙና የክሊፕ ቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ይጠጡ።

ጣሪያው ላይ የወረደው ጨርቅ ራሱ አልጠፋም፤ ከጀርባው ያለው ስስ ስፖንጅ ነው ዱቄት የሆነው። ማስቲሽ በመርፌ መውጋት ጊዜ ማባከን ነው። ቦርዱ ይውጣ፣ ስፖንጁ በደረቅ ብሩሽ ሙልጭ ብሎ ይጠረግ፣ ከጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ያለው አዲስ ጨርቅ ይለጠፍ። በውስጥ ሽቦ የተወጠረ ቪኒል ጣሪያ ከሆነ ግን ሥራው የታፒሴሪ ነው፤ ሽቦዎቹ ሲወጡ ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር ይጻፍባቸው፣ ርዝመታቸው አንድ አይደለም።

ሌላ ዳሽቦርድ ስለመግዛት፦ ያገለገሉ መለዋወጫዎች የሚሸጡበት ሱማሌ ተራ ቢፈልጉ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ግን የሚያገኙት ቆዳም ከእርስዎው እኩል ያረጀ ነው። ጆሮዎቹ ወይም የብሎን መያዣዎቹ ከተሰበሩ ብቻ ይግዙ። ሲገዙ ከሁሉ በፊት የግራ መሪ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከቀኝ መሪ መኪና የተነቀለ ዳሽቦርድ ለእርስዎ አይሆንም። ወደ ፀሐይ አውጥተው የመስታወት በኩሉን ጠርዝ በአውራ ጣት ይጫኑ፤ ከጮኸ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል። ፖሊሽ የተቀባውን አይመኑ፣ አስጠርገው ይዩ።

ካለቀ በኋላ ላቫጆ ሲገቡ ዳሽቦርዱ እርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲነካው አስቀድመው ይናገሩ። ቫዝሊንም ዘይትም አይቀባ። መቀባት ካስፈለገ ውሃ መሠረቱ የሆነ፣ ሲሊኮን የሌለው፣ ከጨረር የሚከላከል ይሁን። ከሁሉም የሚረዳው ጥላ ነው፦ ከመስከረም እስከ መጋቢት መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለሆነች መኪናውን አፍንጫውን ወደ እንጦጦ አዙረው ያቁሙት፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ በተቃራኒው። ቦታው ካልፈቀደ ለፊት መስታወቱ ልክ የተቆረጠ ካርቶን ይበቃል።